ፒዲኤ (ከልደት በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የቀረ፣ ልብ አጠገብ ያለ የደም ቧንቧ) ያለባት የ14 ወር ልጃችን፦ በራሱ እስኪዘጋ እንጠብቅ ወይስ እናስዘጋ?

የሕሊና አባት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በሕፃናት የልብ ሕክምና ዕውቀት ወይም ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሴት ልጃችን የ14 ወር ልጅ ናት። የተወለደችው ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ፣ ያለ ምንም ችግር ሲሆን ክብደቷም 2 ኪሎ ከ900 ግራም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስትጠባ ቶሎ እየደከመች ጡቱን መልቀቅ ጀመረች፤ ግንባሯንና ማጅራቷን ላብ ያጠምቃታል፤ ትንሽ አርፋ እንደገና ትይዛለች፤ ሳትጠግብም እንቅልፍ ይወስዳታል። የሳንባ ምች ነው እየተባለ ደጋግማ ታክማለች። አሁን የምትመዝነው 7 ኪሎ ከ100 ግራም ብቻ ነው።

በመጨረሻው ሕመሟ ጊዜ ያያት ሐኪም ደረቷን ለረጅም ጊዜ ካዳመጠ በኋላ በግራ በኩል ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ የማያቋርጥ ድምፅ እንደሚሰማ ነገረንና ወደ አዲስ አበባ ላከን። የልብ አልትራሳውንድ ተደርጎላት የተሰጠን ወረቀት «ፒዲኤ፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ የግራ የልብ ክፍሎች ሰፍተዋል፣ የሳንባ የደም ግፊት በመጠኑ ጨምሯል» ይላል። ላሲክስ የተባለ የሚያሸና መድኃኒት ታዘዘላት፤ ስለ ማስዘጋቱ ለመነጋገርም ቀጠሮ ያዝን።

ያስቸገረን በቤተሰብ ውስጥ ያለው የሐሳብ ልዩነት ነው። እናቴ «ልጅ ሲያድግ አብሮ የሚዘጋ ነገር ነው፣ በዚህ ዕድሜዋ ለቢላዋ አትስጧት» ትላለች። በአሜሪካ የምትኖር አክስቷ በመድኃኒት ብቻ የተዘጋለት ሕፃን እንደምታውቅ ነግራናለች። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ቀን ማደርም አደጋ አለው ብላ ትጨነቃለች። በራሱ የመዘጋት ዕድል አለው? በመድኃኒት የሚዘጋ ከሆነስ ለምን አልታዘዘልንም? ደረት ሳይከፈት በእግር በኩል ይሠራል የሚባለው ለእሷ ይሆናል? ይህንን ለማስደረግ ወደ ውጭ አገር መሄድ ግዴታ ነው?

ሐኪም ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ የሕሊና አባት። የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ልጅዎን ስላልመረመርኳት የእኔ ጽሑፍ የሐኪሟን ቃል አይተካም፤ ሆኖም ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግልጽ ስለሆነ ዋናውን መልስ ላስቀድም። በወሯ ተወልዳ 14 ወር በሞላት ልጅ ላይ ያለ 4 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በራሱ ይዘጋል ተብሎ አይጠበቅም። የግራ ልቧ ከሰፋና የሳንባዋ ግፊት መጨመር ከጀመረ ደግሞ መዘጋት ያለበት ነው።

ይህ ቧንቧ ከጅምሩ በሽታ አይደለም፤ ሁላችንም በማኅፀን ሳለን ነበረን። ጽንስ በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ነው፤ ሳንባውም በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ብዙ ደም አያስገባም። ስለዚህ ዱክተስ አርቴሪዮሰስ የሚባለው አጭር ቧንቧ ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደውን የደም ቧንቧ ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ወደ መላ ሰውነት ደም ከሚወስደው ትልቁ ቧንቧ ጋር ያገናኝና አብዛኛው ደም ሳንባን አልፎ በቀጥታ ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል እንዲሄድ ያደርጋል። ሕፃኑ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይጨምራል፤ ቧንቧውን ክፍት አድርጎ ያቆየው የነበረው ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ እንግዴ ልጁ በመለየቱና ሳንባው ሥራ በመጀመሩ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት በወሩ የተወለደ ሕፃን ቧንቧ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ተኮማትሮ ይዘጋል፤ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥም ወደ ጅማትነት ይለወጣል። በወራቸው ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል ከ2000 አንድ ያህሉ ላይ ግን ሳይዘጋ ይቀራል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በእጥፍ ያህል ይታያል።

ክፍት ሆኖ ሲቀር የደሙ አቅጣጫ ይገለበጣል። ከልደት በኋላ ግፊቱ ከፍ የሚለው በአኦርታ በኩል ስለሆነ ወደ ሰውነት መሄድ ከነበረበት ደም ከፊሉ በቧንቧው አልፎ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ልብ ሲኮማተር ብቻ ሳይሆን ሲያርፍም የሚፈስ በመሆኑ ነው ሐኪሙ የማያቋርጥ ድምፅ የሰማው፤ በኤድንብራ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ጊብሰን ይህን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1900 በዝርዝር ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ወደ ሳንባ የሄደው ትርፍ ደም ተመልሶ የሚመጣው ወደ ግራ ልብ ነው፤ ስለዚህ የግራ ልብ ያንኑ ደም ደግሞ ደጋግሞ ይገፋል፣ በጊዜ ብዛትም ይሰፋል። ልጅዎ ስትጠባ የሚያልባትና የምትደክመው፣ ሳንባዋም በትርፍ ደም ስለተጨናነቀ ለምች የምትጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥ የ14 ወር ሴት ልጅ አማካይ ክብደት 9 ኪሎ ከ400 ግራም አካባቢ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ወደ ኋላ የቀረችው የምትበላው ስላነሳት ብቻ ሳይሆን ልቧና ትንፋሿ የሚያቃጥሉት ጉልበት ስለበዛም ነው።

ላሲክስ ትርፉን ፈሳሽ በሽንት አስወጥቶ ያቀልላታል እንጂ ቧንቧውን አይዘጋም። መዝጊያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ በግራ ጎን በጎድን አጥንቶች መካከል ተገብቶ ቧንቧው ይታሰራል፤ ልብ አይከፈትም፣ አይቆምምም። ሮበርት ግሮስ ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1938 በአንዲት የሰባት ዓመት ተኩል ልጅ ላይ በተሳካ ሁኔታ የሠራው ይህንኑ ነው፤ በትውልድ የመጣ የልብና የትልልቅ ደም ሥሮች ጉድለት በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል እንደሚችል ያሳየውም ያ ሥራ ነው። ሁለተኛው በካቴተር፣ ማለትም በብሽሽት የደም ሥር በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ መዝጋት ነው። ይህን ቨርነር ፖርስትማን በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀመረው፤ ዛሬ ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ በተሠራ እንደ ሽቦ መረብ ባለ መዝጊያ ይሠራል። አምፕላትዘር የተባለው በብዛት የሚታወቀው መዝጊያ ከ6 ወር በላይ ለሆኑና ከ6 ኪሎ በላይ ለሚመዝኑ ልጆች የተዘጋጀ ስለሆነ ልጅዎ መስፈርቱን ታሟላለች፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን በቧንቧው ቅርጽ ይወሰናል።

ወደ ውጭ አገር መሄድ ግዴታ አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 በመሠረቱት በጎ አድራጎት ድርጅት ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የተሠራው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለቱም ዓይነት ሕክምና በአገራችን ይሰጣል። ችግሩ ወረፋው ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ በቀጠሮ ወረቀት ብቻ ተይዛችሁ አትቀመጡ፤ ስሟ በወረፋ መዝገብ ላይ መስፈሩን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ፤ የሳንባ ግፊቷ መጨመሩም በመዝገቧ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ቅድሚያ ለማግኘት ክብደት የሚሰጠው ይህ ነው።

የመንታዎች እናት፣ ሜሪላንድ

አክስቷ የነገረቻችሁ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእናንተ ልጅ ጉዳይ ከዚያ የተለየ መሆኑን ከራሴ ቤት ልመስክር። መንታ ልጆቼ በ27 ሳምንት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወለዱ። የሁለቱም ቧንቧ ክፍት ነበር። ሐኪሞቹ በዚያ ዕድሜ የተወለደ ልጅ ቧንቧ አለመዘጋቱ ያለመብሰሉ ውጤት እንጂ የአፈጣጠር ጉድለት እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዱን። ወንዱ ምንም ሳይደረግለት ሳምንታት ቆይቶ ተዘጋለት። ሴቷ መተንፈሻ መሣሪያውን መላቀቅ ስላቃታት በደም ሥሯ ፓራሲታሞል ተሰጣት፤ አዎን፣ ለራስ ምታት የምንወስደው ፓራሲታሞል። ለዚሁ ሥራ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲንም እንደሚሰጡ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ሁሉም የሚሠሩት ሐኪሙ ከላይ የጠቀሱትን ፕሮስታግላንዲን በመቀነስ ነው።

መድኃኒቱ ለልጄ አልበቃትም። ክብደቷ አንድ ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ፒኮሎ በተባለ፣ ከአተር ፍሬ በማይበልጥ መዝጊያ በእግሯ በኩል ተዘጋላት፤ ይህ መዝጊያ ከ700 ግራም ጀምሮ ላሉ ሕፃናት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ዛሬ ትሮጣለች።

ይህን የማነሣው የልጄን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት መጠበቅ በእርግጥ የሕክምና ምርጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናትም በጣም ቀድመው በተወለዱ ሕፃናት ላይ መጠበቁ ኢቡፕሮፌን ቶሎ ከመስጠት የከፋ ውጤት እንደማያመጣ አሳይቷል። ዘመዶቻችን «በራሱ ተዘጋ»፣ «በመድኃኒት ተዘጋ» እያሉ የሚነግሩን ታሪክ አብዛኛው የእነዚህ ሕፃናት ነው። የእናንተ ልጅ በወሯ ተወልዳለች፤ የቧንቧዋ ግድግዳ በመድኃኒት የሚኮማተርበት ጊዜም አልፏል። ስለዚህ መድኃኒቱ ያልታዘዘላት ተረስቶ ወይም ተነፍጎ አይደለም። አክስቷን በዚህ አትቀየሟት፤ በቅንነት ነው የነገረቻችሁ።

ታናሽ ወንድም፣ ጎንደር

«ሲያድግ ይዘጋል» የሚለው ምክር በቤታችን ያመጣውን ልንገራችሁ። እኅቴ ዛሬ 29 ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለች ልቧ ላይ ድምፅ እንዳለ ተነግሮን ነበር፤ እያደገች ስትሄድ ግን ሳሉም ላቡም ተዋት፤ ወፈር አለች፣ ትምህርቷንም በደንብ ተከታተለች። ሁላችንም ተሻላት ብለን አመሰገንን። ኋላ ላይ የልብ ሐኪሟ እንዳስረዱን ያ መሻል የመሰለን ነገር የከፋው ምዕራፍ መጀመሪያ ነበር። የሳንባዋ ደም ሥሮች ለዓመታት ከመጣባቸው ብዙ ደምና ግፊት የተነሣ እየደደሩና እየጠበቡ ሲሄዱ ወደ ሳንባ የሚፈሰው ትርፍ ደም ቀነሰ፤ ስለዚህ ምልክቶቹ ጠፉ፤ ድምፁም ጠፋ። የሳንባዋ ግፊት ከአኦርታው ግፊት ሲበልጥ ደግሞ ኦክስጅን ያላገኘው ደም በዚያው ቧንቧ ወደ ሰውነቷ መፍሰስ ጀመረ። ይህ ደረጃ አይዘንመንገር ይባላል።

ምርመራ ክፍል ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። ሐኪሟ ካልሲዋን እንድታወልቅ ጠየቋትና እጆቿን ከእግሮቿ ጎን እንድታስቀምጥ አደረጉ። የእጇ ጥፍሮች እንደማንኛችንም ነበሩ፤ የእግር ጥፍሮቿ ግን ጠቁረው ወደ ሰማያዊ ያደሉ፣ ጫፋቸውም ያበጠ ነበር። የኦክስጅን መለኪያውን በቀኝ እጇ ጣት ላይ ሲያደርጉት 95፣ በእግሯ ጣት ላይ ሲያደርጉት 82 አለ። ቧንቧው ከአኦርታ ጋር የሚገናኘው ወደ ራስና ወደ እጅ የሚሄዱት ቧንቧዎች ከተለዩ በኋላ ስለሆነ የተበላሸው ደም የሚወርደው ወደ እግር ነው። እኅቴ ለዓመታት ጫማና ካልሲ አድርጋ ስትኖር ማንም እግሯን አላየም።

አሁን ቧንቧውን መዝጋት አይቻልም፤ የልቧ ቀኝ ክፍል ማስተንፈሻ አድርጎ የያዘው እሱን ስለሆነ ቢዘጋ ልቧ ይዝላል። የሳንባ ደም ሥሮችን የሚያሰፋ ሲልደናፊል የተባለ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ትንፋሿን አሻሽሎላታል። እርግዝና ለሕይወቷ አስጊ ስለሆነ ተከልክላለች፤ ለቤታችን ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። ወላጆቼን አልወቅስም፤ በዚያን ጊዜ በአቅራቢያችን የልብ አልትራሳውንድ አልነበረም። እናንተ ግን ወረቀቱ በእጃችሁ ነው። «የሳንባ ግፊት በመጠኑ ጨምሯል» የሚለውን መስመር ለእናትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ሲስተር መ.፣ አዲስ አበባ

በካቴተር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት የማያዩትን ስለሆነ በዕለቱ የሚሆነውን ልግለጽ።

ልጅቱ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣታልና ከዚያ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምንም አትቀምስም፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ክፍሉ ይነግራችኋል፤ ለጡትና ለምግብ የሚሰጠው ሰዓት ስለሚለያይ በጥንቃቄ አዳምጡ። በብሽሽቷ በኩል መርፌ ይገባል፤ የሚቀረውም ምልክት የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። ሐኪሙ በቱቦው አማካይነት ወደ አኦርታ ቀለም ይረጭና በኤክስሬይ ስክሪን ላይ ያየዋል። ቀለሙ አኦርታን ተከትሎ እየወረደ ሳለ በጎኑ ሾልኮ የሳንባውን ቧንቧ ሲያጠቁረው ይታያል፤ የቧንቧው ርዝመትና ጠባቡ ቦታ የሚለካው ያን ጊዜ ነው። መዝጊያው በቱቦው ውስጥ ተጣጥፎ ይሄዳል፤ ቦታው ላይ ሲደርስ ይዘረጋል። ከገመዱ ከመለቀቁ በፊት ቦታው ትክክል ካልሆነ መልሶ ማውጣት ስለሚቻል ሐኪሙ ቀለም ደግሞ ረጭቶ ሳያረጋግጥ አይለቀውም። ያኔ ቀለሙ ወደ ጎን ሳይሾልክ አኦርታውን ይዞ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ባየውም ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት እግሯን ሳታጥፍ በጀርባዋ መተኛት አለባት፤ በዚህ ዕድሜ ከባዱ ሥራ ይኸው ነው፤ እናቷ አጠገቧ ብትሆን ይረዳል። እኛ የእግሯን ሙቀትና ምት እየነካን እንከታተላለን፤ እግሯ ቢቀዘቅዝ ወይም ፋሻው በደም ቢርስ ወዲያው ንገሩን። ነገሩ በሰላም ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ የልብ አልትራሳውንድ ተደርጎላት ትወጣለች። ከመዝጊያው በኋላ ለስድስት ወር ያህል ጥርስ የመንቀል ዓይነት ሥራ ካለ አስቀድሞ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለጥርስ ሐኪሙ መንገር የእናንተ ድርሻ ነው።

በካቴተር የማይሆን ሆኖ ቀዶ ሕክምና ቢወሰን አትደንግጡ። ትልቅና አጭር የሆነ ቧንቧ መዝጊያውን ላይዝ ይችላል፤ መዝጊያው በተፈለገው መጠን የማይገኝበት ጊዜም አለ። ቀዶ ሕክምናው በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ውጤቱ በጣም ጥሩ ነው። ለድምፅ የሚያገለግለው ነርቭ በቧንቧው ሥር ስለሚዞር አንዳንድ ልጆች ለጊዜው ድምፃቸው ሊሻክር እንደሚችል ግን ቀድማችሁ እወቁ። ደም የሚለግስ ዘመድም አዘጋጁ። ትኩሳት ወይም ሳል ይዟት ከመጣች ቀጠሮው ስለሚተላለፍ በዋዜማዎቹ ቀናት ከጉንፋን ጠብቋት።

የሕሊና አባት፣ ደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጎንደሩን ወንድማችንን መልእክት ለእናቴ አነበብኩላት፤ ቀጠሮው ላይ አብራን እንደምትሄድ ነግራናለች። ሁለት ነገር ልጨምር። የምንኖርበት ከተማ ከፍታው 2800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህ ለልጃችን ሕመም ምክንያት ሊሆን ይችላል? ወደ ቆላ ይዘናት ብንሄድስ ይረዳታል? የሚቀጥለው ልጃችንስ እንደዚሁ ይሆን?

ሐኪም ከአዲስ አበባ

በፔሩ የአንዲስ ተራሮችና በቻይና ቺንግሃይ አምባ የተደረጉ ጥናቶች በከፍተኛ ቦታ በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ይህ ቧንቧ ሳይዘጋ የመቅረቱ ነገር እንደሚበዛ አሳይተዋል፤ እንዲዘጋ የሚያዝዘው ኦክስጅን በመሆኑ ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንዲት ልጅ ላይ ከፍታው ነው ያመጣው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ወደ ቆላ መውረዱ አሁን ቧንቧውን አይዘጋውም፤ ለጉዞና ለቤት ኪራይ የምታወጡትን ለሕክምናዋ አቆዩት። እናት በእርግዝና ወቅት የምትያዘው ሩቤላ የተባለ የቫይረስ በሽታም አንዱ የታወቀ ምክንያት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ አይገኝም፤ ባለቤትዎ የበላችው ወይም የሠራችው ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ልጅ ላይ የመድገም ዕድሉ ከመቶ ከሁለት እስከ አራት ያህል ነው፤ ሲወለድ በሐኪም ልቡን ማስደመጥ ይበቃል፤ ድምፅ ከተሰማ አልትራሳውንድ ይደረግለታል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ጡቱን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት አጥቧት፤ ገንፎዋ ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩ፤ ክትባቷን አታስተጓጉሉ። ላሲክሱን በታዘዘው መጠን ብቻ ስጡ፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል ሐኪም አማክሩ። ትንፋሿ ከወትሮው ከፈጠነ፣ ጎኗ ወደ ውስጥ እየገባ የምትተነፍስ ከሆነ ወይም ጡት መያዝ ካቃታት ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዷት፤ የአልትራሳውንዱንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።